አራተኛ መብራት የለም

ገበታው ሁሉም ሰው መልስ ካልሰጠ አይቀዳም። ደንቡ ይህ ነው። እሑድ ቀትር ላይ የሕንፃው ሰዎች በምድር ቤቱ አዳራሽ፣ በረጅሙ ገበታ ዙሪያ ሲቀመጡ፣ በየሰው ፊት የተተከለችው ትንሽ የናስ ቧንቧ ትነቃና «ምን ይቀዳ?» ትላለች። አንዱ «ጠላ» ይላል፣ አንዱ «ጠጅ»፣ አንዱ «ቢራ»። ቧንቧዋ ሰምታ ዝም ትላለች። ጠብታ አትሰጥም። የመጨረሻው ሰው እስኪመልስ ድረስ ሁሉም ባዶ ብርጭቆውን ይዞ ይጠብቃል፤ ከዚያ ቧንቧው ሁሉ በአንድ ጊዜ ይከፈታል። «አብሮ ያልተጀመረ አብሮነት አይደለም» ተብሎ በአዳራሹ ግድግዳ ላይ በትልቁ ተጽፏል።

በዚያ እሑድ የመጨረሻው ሰው እምሩ ነበር።

«ምን ይቀዳ?»

«ውሃ።»

«ምክንያት?»

ከቧንቧዋ ሥር ሦስት መብራቶች በሩ። ሰማያዊው ሃይማኖት ነው፤ ቢጫው ሕመም፤ ነጩ እርግዝና። እምሩ ሦስቱንም አንድ በአንድ አያቸውና፣ «አልፈልግም» አለ።

«መልስዎ አልተመዘገበም። ምክንያት?»

ወጡ በክዳኑ ሥር እየበረደ ነው።

ከእምሩ በስተቀኝ የተቀመጠው አርጋው ነው። ሁለቱ አብረው ያደጉ፣ በአንድ ጥር የተዳሩ፣ ደሴ ውስጥ በአንድ ሕንፃ አንዱ ከሌላው ራስ በላይ የሚኖሩ ጓደኛሞች ናቸው። አርጋው ባዶ ብርጭቆውን አገላብጦ አየና፣ «ምን ነክቶሃል ወንድሜ? ጉሮሮዬ እኮ ጭድ ሆነ» አለ።

«አልፈልግም አልኩ እኮ።»

«እሱ የለም ይልሃል። አልሰማህም እንዴ?»

ከማዶ አንዱ፣ «ነጩን ይጫን! ስንተኛ ወሩ ነው?» ሲል ሳቁ አዳራሹን ሞላው። እምሩም ሳቀ። ድሮ እንዲህ ያለውን ቀልድ የሚጥለው እሱ ራሱ ነበር። ሳቁ ሲያልቅ ግን ቧንቧዋ አልረሳችም። «ምክንያት?»

የገበታው ሊቀመንበር እትዬ ዘነቡ ከወዲያ ጫፍ ሆነው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እምሩዬ፣ የልጅ ጨዋታ አታድርገው። ሰው ርቦታል።»

ያን ጊዜ ከግራው በኩል የሚስቱ እጅ መጣ። የሺመቤት ፊቷን ወደ ሰዎቹ እንዳደረገች፣ ፈገግታዋንም ሳትለቅ፣ በአውራ ጣቷ ቢጫውን መብራት ጫን አደረገችው።

«ተመዝግቧል» አለ ገበታው። «እግዚአብሔር ይማርዎ።»

ቧንቧዎቹ ሁሉ ተከፈቱ። ጠላው፣ ጠጁ፣ ቢራው ወረደ። በባለሱቁ በእንድሪስ ፊት፣ በሰማያዊው መብራት ሥር፣ እንደ ሁልጊዜው የማያሰክረው ቀሪቦ ተቀዳ። ብርጭቆ ተነሣ። «ለጤናችን!» የሚል ሰው ግን አልተገኘም። ሁሉም እምሩን እያየ ነበር።

ገበታዎቹ ወደ ከተማው የመጡት በደግ ሐሳብ ነው። ከተማው ወደ ሰማይ ባደገበት ዘመን፣ ሰው በሩን ዘግቶ በሚሞትበትና ጎረቤት በሬሳው ሽታ በሚያውቅበት ዘመን፣ ምክር ቤቱ ደነገጠ፤ መደንገጡም ተገቢ ነበር። «ማንም ብቻውን አይሙት» ተባለ። ዕድሩ ሁሉ ከገበታ ጋር ተያያዘ፤ በእሑድ ገበታ የተቀመጠ በዕድሩ አለ፣ ያልተቀመጠ የለም። ገበታዎቹን በነፃ ያቀረበው የጠማቂዎች ኅብረት ነበር። «ለምን ውሃ አይሆንም?» ብሎ የጠየቀ አንድ የምክር ቤት አባል ነበር ይባላል። አብረው የሚጠጡ ሰዎች እርስ በርስ እንደሚተማመኑ በጥናት ተረጋግጧል ተብሎ ተመለሰለት። ጥናቱን ያስጠናው ማን እንደሆነ ግን አልጠየቀም፤ ወይም ጠይቆ፣ መልሱ ሳይመጣ እሑድ ደረሰ።

ሆኖም ጥፋቱን ሁሉ በጠማቂ ላይ መከመር የፈሪ ሥራ ነው። ገበታው ከራሱ የፈጠረው ነገር የለም። ቧንቧ ከመሠራቱ በፊትስ፣ «አልጠጣም» ያለን ሰው «ለምን?» ብሎ የሚያፋጥጠው ማን ነበር? አባቶቻችንና እናቶቻችን አይደሉም? መብላትን፣ መተኛትን፣ ማግባትን ምክንያት የማይጠይቅ ሕዝብ፣ አንድ ብርጭቆ ሲገፋበት ዳኛ ሆኖ ይሰየማል። ስንት ጤነኛ ሰው «መድኃኒት ጀምሬ ነው» እያለ ሲዋሽ ኖረ! ስንቱ ሳይሳል «ስለት አለብኝ» አለ! እውነተኛዋን ቃል፣ «አልፈልግም» የምትለውን፣ ከአፍ የሚያወጣት ጠፋ፤ ያወጣት እንደ ኩሩ፣ እንደ ተሳዳቢ ተቆጠረ። ገበታውን የሠሩት መሐንዲሶች ያደረጉት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሕዝቡ የሚቀበላቸውን ውሸቶች ለቅመው መብራት ሰጧቸው። አራተኛ መብራት ያልተሠራው አራተኛውን የጠየቀ ስላልነበረ ነው።

እምሩ መጠጥ ሲተው ታላቅ ነገር አልደረሰበትም። አልወደቀም፣ ከማንም አልተጣላም፣ ሐኪምም አላስፈራራውም። እሱ ከሰኞ ገበያ ተነሥቶ ወደ ቶሳ ተራራ ትከሻ በገመድ የሚወጣውን ተሽከርካሪ ይነዳል፤ የከተማው ሰው «ተንጠልጣይ» ይለዋል። ዘወትር የማለዳውን የመጀመሪያ ጉዞ የሚወጣው እሱ ነው። አንድ ማለዳ፣ ማታውን በአጋጣሚ ሳይጠጣ አድሮ፣ ተንጠልጣዩ ከጉሙ በላይ ብቅ ሲል ተራራው ፊቱ ቆሞ አየው። ገደሉ ጥርት ብሎ፣ የጥዱ ጫፍ ወርቅ መስሎ። ሃያ ዓመት በዚያ ገመድ ወጥቷል፤ ሃያ ዓመት በደበዘዘ ዓይንና በሚፈልጥ ራስ ወጥቶ አላየውም ነበር። በማግስቱም ሊያየው ፈለገ። በሣልስቱም። ነገሩ ይኸው ነው። ይህን ለሰው መናገር ያሳፍራል፤ ሰው የሚያምነው መዓት ሲወርድብህ እንጂ ደስ ሲልህ አይደለም።

ሰኞ ዕለት ጠያቂዎች መምጣት ጀመሩ። የገበታው ቢጫ መብራት ወሬውን በየሰው እጅ ላይ ባለው የመልእክት አምባር አድርሶታል፦ እምሩ ታሟል፤ ጠይቁት። እትዬ ዘነቡ ብርቱካን ይዘው ቀድመው ደረሱ። ከእሳቸው በኋላ ብርቱካን ያልያዘ አልመጣም፤ በመስኮቱ ደፍ፣ በአልጋው ራስጌ፣ በማቀዝቀዣው ላይ ብርቱካን ተከመረ። እንድሪስም ከሱቁ መልስ ጎራ ብሎ፣ «አላህ አፊያ ያድርግህ» አለና በር ላይ ቆም ብሎ ፊቱን መረመረው። «አሞሃል ወይ ግን?» ብሎ የጠየቀው እሱ ብቻ ነበር። እምሩ አፉን ሊከፍት ሲል ግን ሌላ ብርቱካን ደረሰ።

«እትዬ፣ ደኅና ነኝ እኮ» ይላል እምሩ ለሁሉም።

«ደኅና ነህ፣ ምን ትሆናለህ» ይላሉ እትዬ ዘነቡ፤ ድምፃቸውን አለስልሰው፣ ዓይናቸውን ወደ ምንጣፉ አውርደው።

በእኛ አገር ክፉ በሽታ ለበሽተኛው አይነገርም። ለወንድሙ ይነገራል፣ ለአጎቱ ይነገራል፣ ለጎረቤቱ ይነገራል፤ በሽተኛው ከሰማ የሚሰማው ከሁሉ መጨረሻ ነው። ይህን ርኅራኄ እንለዋለን። ስለዚህ እምሩ «ደኅና ነኝ» ባለ ቁጥር ጠያቂዎቹ በዓይን ተጠቃቀሱ። አልነገሩትም ማለት ነው። በጣም ደኅና ነኝ ሲል፣ በጣም ብሶበታል። ተቆጥቶ ሲጮህ፣ በሽታው ወደ ራሱ ወጥቷል።

ደረጃው ላይ እትዬ ዘነቡ የሺመቤትን በክንዷ ይዘው ወደ ግድግዳው አስጠጓት። «ለእኔ ንገሪኝ። ሐኪሙ ምን አለ?»

የሺመቤት «ዋሽቼ ነው» ልትል አፏን ከፈተች። የሴትዮዋ ዓይን እንባ አቅርሯል። ለዚያ እንባ ሐሰት መሆኑን መንገር ከበዳት። «እግዚአብሔር ያውቃል» አለች።

እትዬ ዘነቡ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ወሰዱ። «እግዚአብሔር ያውቃል» ማለት ሐኪም ተስፋ ቆርጧል ማለት እንደሆነ በዚህ አገር የማያውቅ የለም። የሺመቤትም ታውቃለች። ሌላ ቃል አልመጣላትም።

«ውሸቱን አንቺ ጀመርሽው፣ አንቺ ጨርሺው» አላት እምሩ ሰዎቹ ሲወጡ።

«ምን ብዬ? በሰው ፊት ውሸታም ልባል?»

«እኔስ ሬሳ ልባል?»

«ኧረ አፍህን ሰብስብ! ትንሽ ታገሥ፣ ከዚያ ዳንክ እንላለን። ጠበል ወሰድኩት፣ እመቤቴ ማረችው እላለሁ። ሰው ደስ ይለዋል።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ከዳንክ…» የሺመቤት ብርቱካን መላጡን አቆመች። ቃሉ አፏ ላይ ቀረ።

«ከዳንኩማ እጠጣለኋ» አለ እምሩ።

ሥራ ቦታም ወሬው ቀድሞት ነበር። የተንጠልጣዩ አለቃ ወንበር ስቦ አስቀመጠው፤ ከዚህ በፊት ወንበር ስቦለት አያውቅም። ቢጫ መብራት ያለበት ሰው ገመድ ላይ አይወጣም አለው፤ ለተሳፋሪ ደኅንነትም ለራሱም ሲባል። ከዛሬ ጀምሮ ከሰዓት በኋላ በትኬት መስኮት ተቀምጦ ሰው ማስተናገድ ነው ሥራው፤ ቀላል ነው፣ ጥላ አለው። ማለዳውን ይተኛ።

«ማለዳውን አትንኩብኝ» አለ እምሩ። «ሌላውን እንደፈለጋችሁ።»

«ጎሽ ጋሼ፣ እንዲህ ነው መበርታት» አለው አለቃው፣ ትከሻውን በቀስታ እየነካ፣ የሚሰበር ዕቃ እንደሚነካ ሰው።

ስለዚህ እምሩ ለማለዳው ብሎ መጠጥ ተወ፤ መጠጥ በመተዉ ማለዳውን ወሰዱበት። በየማለዳው ቤቱ ተቀምጦ በመስኮት የሚያየው የማዶውን ሕንፃ ግድግዳ ነው።

ያን ሰሞን ሁሉም ሲመጣ አርጋው ብቻ አልመጣም። እምሩ ከጣሪያው በላይ ኮቴውን ይሰማል፤ ወዲያ ይሄዳል፣ ወዲህ ይመለሳል፣ ይቆማል። ዓርብ ማታ በሩ ተንኳኳ። አርጋው ዓይኑ አብጧል። ከካፖርቱ ሥር ጠርሙስ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ፣ በብርቱካኖቹ መካከል ቦታ አበጅቶ አስቀመጠ።

«አክስቴ ያወጣችው አረቄ ነው» አለ። «ገበታ አያውቀውም። ማንም አይመዘግበው።»

«አርጋው፣ ስማኝ…»

«ዝም በል እስቲ። ለምን አልመጣህም እንዳትለኝ። እግሬ እየመጣ ሆዴ እየመለሰኝ ነው።» መለኪያዎቹ የት እንዳሉ ያውቃል፤ ሁለቱን ከመደርደሪያው አውርዶ ቀዳ። «ከእንግዲህ ምን ይጎዳሃል? አይጎዳህም። እንደ ድሯችን አንድ እንበልና… እንዲያው አንድ እንበል።»

ጉንጩ ላይ እንባው ወረደ፤ አልጠረገውም።

ስለ መጠጥ ፈተና የሚሰብኩ ሰዎች ፈታኙን ቀንድ ያለው አድርገው ይስሉታል። ቀንድ ቢኖረው እንዴት ቀላል ነበር! ቀንዳምን ማን እምቢ ማለት ያቅተዋል? እምሩ ፊት የተቀመጠው ግን ልጅ ሳሉ ከጅብ ያስጣለው፣ በአባቱ ቀብር ቀን ሬሳውን አብሮት የተሸከመ፣ አሁንም ለእሱ የሚያለቅስ ሰው ነው። መለኪያውን አነሣው። የጌሾውና የጭሱ ሽታ አፍንጫው ውስጥ ሲገባ ምላሱ ሥር ውሃ ሞላ። ሰውነቱ አልረሳም። አንዲት ጉንጭ ብቻ ነች። አርጋው ተጽናንቶ ይሄዳል፣ የሺመቤት ከውሸታምነት ትድናለች፣ ሰው ሁሉ በቦታው ይመለሳል። እሱ ብቻ ነው የሚጎድለው፤ የእሱን መጉደል ደግሞ ማን ያየዋል?

መለኪያውን አስቀመጠው። አስቀምጦም ጣቱን ከላዩ ለማንሣት ጊዜ ወሰደበት።

«አልታመምኩም፣ አርጋው።»

«አውቃለሁ» አለ አርጋው፣ ጉልበቱን መታ መታ እያደረገው። «አውቃለሁ የኔ ወንድም።»

«አታውቅም! የሺ! ነይ ንገሪው!»

የሺመቤት ከጓዳ ወጣች። ሁለቱን መለኪያዎች፣ የአርጋውን ፊት አየች። «መብራቱን የተጫንኩት እኔ ነኝ» አለች። «ሰው ሁሉ አፍጥጦብን ሳይ አፈርኩ። ምንም የለበትም።»

«ምንም?»

«ምንም።»

«ጉበቱስ?»

«ደኅና ነው።»

አርጋው ወደ እምሩ ዞረ። እምሩ ተነሥቶ ያቅፈኛል ብሎ ጠበቀ፤ እጁንም በከፊል ዘርግቶ ነበር። አርጋው ግን አልተነሣም። ፊቱ ቀስ እያለ ጠቆረ።

«ሳምንቱን ሙሉ ስቀብርህ ነው የሰነበትኩት» አለ። «ለማን ምን እንደምናገር፣ ሬሳህን በየትኛው ደረጃ እንደምናወርድ ሳይቀር አስቤያለሁ።»

«ይቅርታ አድርግልኝ።»

«እሱን ተወው። ታመህ ቢሆን ይገባኛል፤ ሰው ታሞ ይተዋል። ጤነኛ ሆነህ፣ ምንም ሳትሆን ከተውክ ግን፣ የተውከው መጠጡን አይደለም። እኔን ነው።»

«አንተንማ አልተውኩም።»

«ታዲያ ምን ቀረን? ከሱ ሌላ እኔና አንተ ምን አለን? እስቲ አንድ ንገረኝ።»

እምሩ መልስ ፈለገ። መልስ ነበረው፣ ብዙም ነበረው፤ በዚያች ቅጽበት ግን አንዱም እጁ አልገባ አለ። አርጋው ጠርሙሱን አንሥቶ ወጣ። ለራሱ የቀዳውን እንኳ አልነካውም።

እሑድ ሲደርስ እምሩ አለመታመሙን ያልሰማ አልነበረም። ያለቀሱለት ሰው ሳይሞት ሲቀር ሕዝብ ይቆጣል።

«ብርቱካኔን መልስ!» አለ አንዱ ገና ከበሩ።

«ለጤነኛ ሰው ጸልዬ!» አለች ሌላዋ። «እኔ እኮ ጉልበቴን ያመኛል!»

እምሩ በቦታው ተቀመጠ። አርጋውም በስተቀኙ፣ እንደ ሁልጊዜው፣ ግን ፊቱን ሳይመልስ። የሺመቤት በግራው ተቀምጣ ሁለት እጆቿን በጉልበቶቿ መካከል ጨምቃለች፤ ጠዋት፣ «እጄን አልሰድም፤ ቃሌ ነው» ብላዋለች።

ጥያቄው ከቧንቧ ወደ ቧንቧ ዞሮ እምሩ ጋ ደረሰ።

«ምን ይቀዳ?»

«ውሃ።»

«ምክንያት?»

«አልፈልግም።»

«መልስዎ አልተመዘገበም። ምክንያት?»

መጠበቅ ተጀመረ። ወንበር ተንቋቋ፣ ሰው ተንጠራራ፣ ክዳን ተነሥቶ ተከደነ። «ሰማያዊውን ተጫንና ገላግለን!» አለ አንዱ። «እንድሪስ ከቀሪቦው ያካፍልሃል፤ አይደል እንድሪስ?»

እንድሪስ ባዶ ብርጭቆውን ወደ ጎን ገፋ። «ቀሪቦውን ደስ እያለኝ አካፍለዋለሁ» አለ። «መብራቱን ግን አላውሰውም። እኔ አልጠጣም የምለው ለፈጣሪዬ ነው፤ ለቧንቧ አይደለም። እሱ የራሱ ቃል አለው፤ የራሱን ይናገር።»

«እሱማ ተናገረ፣ ማን ሰማው!» አለ ሌላው፤ ጥቂቶች ሳቁ፣ ሳቁ ግን ቶሎ ደረቀ።

እትዬ ዘነቡ ተነሡ። ሴትዮዋ ክፉ አልነበሩም፤ ጥፍራቸው ውስጥ ገና የብርቱካን ልጣጭ ሽታ አለ። «ደንብ አለን» አሉ። «መልስ የሌለው ወንበር ይታጠፋል።»

ወንበር መታጠፍ ማለት ከዕድሩ መውጣት ነው። ከዚያ በኋላ ብትታመም ማንም አይመጣም፣ ብትሞት ማንም አያነሣህም፤ የሚያነሣህ የከተማው መኪና ነው። ወንበሩን የሚያጥፈው ደግሞ ገበታው አይደለም። በስተቀኝ የተቀመጠው ጎረቤት ነው፤ ከወንበሩ ሥር ያለችውን መያዣ በእጁ ወደ ላይ ይስባል። ገበታውን ያቀዱት ሰዎች ሞኞች አልነበሩም። ሰው የሚያባርር ዕቃ ይጠላል፣ በድንጋይም ይሰበራል። የሚያባርር ጎረቤት ግን ደንብ አስከባሪ ተብሎ ይመሰገናል።

ሁሉም አርጋውን ተመለከተ።

አርጋው ጎንበስ ብሎ መያዣዋን ጨበጣት። ወንበሩ ትንሽ ንቅንቅ ሲል እምሩ ተሰማው። እንደዚያው እንደተጎነበሰ፣ ፊቱ ከእምሩ ጉልበት እኩል ሆኖ፣ ቀና ብሎ አየው።

«ለገበታው አይደለም» አለ በዝግታ። «ለእኔ ንገረኝ። ለምን?»

እምሩ ጆሮው ድረስ ቀላ። ሚስቱ ሳትቀር የምትሰማው ገና አሁን ነው። «ጠዋቱን ወድጄው ነው» አለ።

«ምኑን?»

«ጠዋቱን። ተንጠልጣዩ ከጉሙ ሲወጣ ቶሳን አያለሁ። ራሴን አያመኝም፣ ጥርት ብሎ ይታየኛል። ሃያ ዓመት ሙሉ አላየሁትም ነበር አርጋው። ሌላ ምክንያት የለኝም። አንተን ጠልቼ አይደለም። አንተንም አላየሁህም ነበር እኮ፤ አብረን ተቀምጠን ያወራነውን አንዱን እንኳ በማግስቱ አላስታውሰውም።»

«ለጠዋት ብሎ!» አለ ከማዶ ያለው፣ ሊያስቅ። የሳቀለት የለም።

አርጋው መያዣዋን እንደጨበጠ ቆየ። «ጠዋት» አለ፤ ቃሉን አፉ ውስጥ እንደ ማያውቀው ምግብ አገላበጠው። ከዚያ እጁን ለቀቀ፣ ቀና አለ፣ ባዶ ብርጭቆውን ገበታው ላይ ደፋው።

«አላጥፍም» አለ።

«አርጋው! ደንብ ነው እኮ!» አሉ እትዬ ዘነቡ።

«ደንብ ከሆነ ገበታው ራሱ ይጠፈው።»

ገበታው እጅ የለውም። «ምክንያት?» አለ እንደገና። የሰዓቱ ገደብ ሲያልፍ፣ «ማዕዱ አልተከናወነም» አለና ቧንቧዎቹ አንድ በአንድ ጠፉ። የሚሄድ ሄደ፣ እያጉረመረመ። የቀሩት ክዳኑን አንሥተው የቀዘቀዘውን ወጥ ያለ መጠጥ በሉ፤ አንዱ የሌላውን ማላመጥ እየሰማ። የሚመጣው እሑድ ገበታው ደግሞ ይጠይቃል፤ ያ አልተፈታም። አርጋውም ብቻውን ወጣ።

ሰኞ ማለዳ እምሩ ወደ ተንጠልጣዩ ጣቢያ የሄደው እንደ ተሳፋሪ ነው። ሥራው አልተመለሰለትም፤ ታምሜ ነበር ሳይል ድኛለሁ የሚልበት መንገድ አልተገኘም። ጉሙ መሬት ድረስ ወርዷል፤ ሰው እጁን ቢዘረጋ ጣቱ አይታየውም። ከጣቢያው ደጃፍ ጋቢ የተከናነበ ሰው ቆሟል።

«እና፣ የታለ?» አለ ሰውየው።

አርጋው ነበር።

«ምኑ?»

«ጠዋቱ ነዋ!»

የተንጠልጣዩ ክፍል ውስጥ ገብተው ጎን ለጎን ተቀመጡ። ማታውን ሳይጠጣ ያደረው አርጋው እጆቹ ይንቀጠቀጡ ነበር፤ በጋቢው ሸፈናቸው። እምሩ አይቶ እንዳላየ ሆነ። በሩ ሊዘጋ ሲል ቆመና አንድ ድምፅ ከጣሪያው መጣ።

«የጉዞ ምክንያት?»

ሦስት መብራቶች በሩ። ሥራ፣ ሕክምና፣ ለቅሶ። እምሩ ሃያ ዓመት ሲነዳት ይህን ጥያቄ ሰምቶት አያውቅም፤ ነጂ አይጠየቅም።

አርጋው መብራቶቹን አያቸው። ለቅሶው ላይ ጣቱን አስጠጋ፤ ቀላሉ እሱ ነበር፣ ለቅሶውንም ባለፈው ሳምንት በቂ ተለማምዶታል። ጣቱን መለሰ።

«ለማየት» አለ።

«መልስዎ አልተመዘገበም። የጉዞ ምክንያት?»

«ይሄም?» አለ አርጋው።

«ይሄም» አለ እምሩ።

አርጋው በተከፈተው በር ምራቁን ተፋ። ከዚያ እግሩን ወደ ውጭ አንጠልጥሎ ደፉ ላይ ተቀመጠ። እምሩም አጠገቡ ተቀመጠ። ክፍሏ አልተንቀሳቀሰችም፤ ከጀርባቸው ድምፁ በየጥቂቱ ይጠይቃል፣ እነሱ አይመልሱም። ጉሙ ፊታቸውን እያረጠበ ያልፋል። ከወዲያ በኩል፣ ከፍ ብሎ፣ ነጩ ነገር ትንሽ የሳሳ መሰለ፤ ተራራ ይሁን ደመና ገና አልለየም።

«ይሄ ነው?» አለ አርጋው።

«ገና ነው» አለ እምሩ።

አርጋው ጋቢውን ወደ ራሱ ሰበሰበ፤ ዓይኑን ግን ከዚያ ላይ አላነሣም።